ሌሊቱን ያልዘለለ ታሪክ

ይህ ዓምድ የሌሎችን ጽሑፍ የሚመዝን ነው። ዛሬ ግን ከራሴ ስሕተት እጀምራለሁ፤ ስሕተቱ ጽሑፍን በመመዘን ላይ የሠራሁት ነውና።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከኅብረታችን አንድ ወጣት አጭር ታሪክ ጽፎ አመጣልኝ። ሁለት ገጽ ተኩል ያህል ነበር። ታሪኩ የሚፈጸመው ሸዋ ሮቢት አጠገብ ባለ የማሽላ ማሳ ላይ ነው። አንድ ልጅ ጥቅምትን ሙሉ ማማ ላይ ተቀምጦ በወንጭፍ ወፍ ይጠብቃል። ይጸልያል፤ ይዘምራል፤ ድምፁ እስኪዘጋ ይጮኻል። አንድ ቀን የግሪሳ መንጋ እንደ ደመና መጥቶ ማሳው ላይ ይሰፍራል። ጀምበር ሳትጠልቅ ከማሽላው የቀረው አገዳው ብቻ ይሆናል። ልጁ ወንጭፉን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ማታ ወደ ቤቱ ይገባል። እናቱ እሳት አንድዳ በቆሎ እየጠበሰች ትጠብቀዋለች። ስለ ማሳው አንድም ነገር አትጠይቀውም። «እጅህን ታጠብና ቅረብ» ትለዋለች። ታሪኩ እዚህ ላይ ያበቃል።

አንብቤ ስጨርስ፣ «ጥሩ ነው፤ ግን መጨረሻው ይጎድለዋል» አልኩት። «ጌታ ያደረገለት ነገር የት አለ? ዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 21ን እየው። ሌሊቱን ሙሉ ደክመው ምንም አልያዙም፤ ሲነጋ መረቡ ሞላ። ያንተም ታሪክ ሲያልቅ መረቡ ሊሞላ ይገባል።» ወጣቱ አልተከራከረኝም። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። መልሶ አላመጣውም፤ ብዙም ሳይቆይ ራሱም ከኅብረቱ ቀረ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ወስዶ ሳያልፍ እንደ ቀረ የሰማሁት ዘግይቼ ነው።

ታስታውሳላችሁ፤ በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. ብሔራዊ ፈተናውን ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት ከመቶ አራት እንኳ አልሞሉም። ከመቶው ዘጠና ስድስቱ መረባቸው ባዶ ነበር። በየኅብረታችን ማይክ ይዘው የመሰከሩት ግን እነዚያ ከአራት ያነሱት ነበሩ። ሌሎቹ ሌሊታቸውን የሚናገሩበት ቦታ አላገኙም። እኔም አንዱን ይዞ በመጣበት ወረቀት ላይ ዝም አሰኝቼዋለሁ።

ከዚያ ወዲህ ዮሐንስ 21ን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ለወጣቱ በነገርኩት መንገድ የተጻፈ ምዕራፍ አለመሆኑን ያወቅሁት ቀስ ብዬ ሳነበው ነው። ዛሬ ከእናንተ ጋር እንደገና ላነበው እፈልጋለሁ። ከእሱ ጋር የሉቃስን ምዕራፍ 5ን፣ ኧርነስት ሄሚንግዌይ ስለ አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ የጻፈውን ልብ ወለድ፣ እንዲሁም በሰሜን ያለው ትልቁ ሐይቃችን ጣና ክረምት ሲገባ የሚያሳየንን ነገር አብረን እናያለን። ጥያቄያችን አንድ ነው፦ የዓሣ ማጥመድ ታሪክ ማለቅ ያለበት የት ላይ ነው?

የማናውቀው መረብ

እኛ የይፋት ቆላ ሰዎች ነን። ሮቢና ጀውሃ ከተራራው ወርደው ወደ አዋሽ ይገባሉ፤ አዋሽም ባሕር ሳይደርስ አፋር ምድር አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። ትልቅ መረብ የሚጣልበት ውኃ በደጃችን የለም። ለብዙዎቻችን ዓሣ ማለት በጾም ወራት ምግብ ቤት ተጠብሶ የሚቀርብ ነው። የአማርኛ ተረታችን ራሱ ማስገርን በበጎ ዓይን አያየውም፤ «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ይላል።

ሆኖም ለዚህ መጽሔት ከሚደርሱን ግጥሞች፣ ምስክርነቶችና አጫጭር ታሪኮች መካከል መረብና ታንኳ የሌለባቸው ጥቂቶች ናቸው። ይህ በራሱ ነውር አይደለም። መረቡን ወንጌል ሰጥቶናል። ችግሩ ከተሠራ ያለቀ ዕቃ አድርገን መቀበላችን ነው። ጽሑፎቹ ሲነበቡ አንድ ዓይነት ናቸው። ሌሊቱ በአንድ መስመር ያልፋል። ጌታ ይመጣል፤ መረቡ ይሞላል፤ ሃሌ ሉያ ይባላል፤ ያበቃል። የማንም እጅ አይርስም። የማንም ገመድ አይበጠስም። ዓሣው ከዚያ በኋላ ምን እንደ ሆነ አይታወቅም። ተሸጠ? ተበላ? ሸተተ?

እንዲህ የሚጽፍ ወጣት እምነት ጎድሎት አይደለም። የጎደለው ንባብ ነው። ታሪኩን ከስብከት ሰምቶታል፤ በዝማሬ ዘምሮታል፤ ቁጥር በቁጥር ግን አላየውም። እኔም አላየሁትም ነበር።

ገና 19 ቁጥር ይቀራል

ዮሐንስ 21 በሙሉ 25 ቁጥሮች አሉት። መረቡ የሞላው በስንተኛው ነው? በ6ኛው ነው። ጸሐፊው ዓሣውን ካስያዘ በኋላ ገና 19 ቁጥር ይቀረዋል። የእኛ ጽሑፍ የሚያበቃበት ቦታ ለእሱ መጀመሪያው ነው።

እስኪ ከላይ እንነሣ። ወደ ባሕሩ የወጡት ሰባት ናቸው። አምስቱን እናውቃቸዋለን፦ ጴጥሮስ፣ ቶማስ፣ ናትናኤልና ሁለቱ የዘብዴዎስ ልጆች። የቀሩትን ሁለቱን ግን ጸሐፊው ስም ሳይሰጥ «ሌሎች ሁለት ደቀ መዛሙርት» በሚል ያህል አልፏቸዋል። እነዚህ ሁለት ስም የለሾች ሌሊቱን ሙሉ አብረው ጎትተዋል፤ ጠዋትም አብረው በልተዋል። ከኅብረታችን የኋላ ወንበር ላይ ለሚቀመጡት ይህ ትልቅ ዜና ይመስለኛል።

አንድ አንባቢ እዚህ ላይ ሊቃወመኝ ይችላል። «ዮሐንስስ ሌሊቱን በአንድ ዐረፍተ ነገር አይደለም ወይ ያለፈው? እኛን ለምን ትወቅሰናለህ?» ተቃውሞው ትክክል ነው፤ ሌሊቱ አጭር ነው። ነገር ግን ቀጥሎ የሚመጣውን ተመልከቱ። ሲነጋ በዳር የቆመው ሰው ተአምሩን ከማድረጉ በፊት ይጠይቃቸዋል፤ የሚበላ ነገር ይዛችኋል ወይ ይላቸዋል። የለንም ብለው በገዛ አፋቸው መመለስ አለባቸው። ጌታ አያውቅም ነበር? ያውቃል። ባዶነታቸው ሳይነገር እንዲታለፍ ግን አልፈለገም። እኛ የምንዘልለውን እሱ ጠየቀ። አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ቢሆንም ያ ሌሊት አልተደበቀም፤ በቀን ብርሃን ከሰባት ሰዎች አፍ ወጥቷል።

መረቡ ከሞላ በኋላስ? ጴጥሮስ ልብሱን ታጥቆ ወደ ውኃው ይገባል። የቀሩት መረቡን እየሳቡ በታንኳ ይመጣሉ፤ ርቀቱ ሁለት መቶ ክንድ ያህል፣ በእኛ ልክ ዘጠና ሜትር ገደማ ነው። ዳር ሲደርሱ የሚያዩት ነገር ያስደንቃል። የፍም እሳት ተያይዟል፤ ላዩ ላይ ዓሣ አለ፤ እንጀራም አለ። የእነሱ ዓሣ ገና ከውኃው አልወጣም። ቁርሱ ያለ እነሱ መረብ ተዘጋጅቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ካጠመዳችሁት ጥቂት አምጡ የሚላቸው። ድካማቸው ለማዕዱ አላስፈለገም፤ ግን ተጋበዘ።

ፍሙን ልብ በሉት። በግሪኩ አዲስ ኪዳን ለዚህ የፍም እሳት የገባው ቃል በሁለት ቦታ ብቻ ይገኛል። አንዱ እዚህ ነው። ሌላው በዚሁ ወንጌል ምዕራፍ 18 ላይ፣ ጴጥሮስ ቆሞ እየሞቀ ጌታን የካደበት እሳት ነው። ጸሐፊው ስለ ክህደቱ ምንም ሳያነሣ እሳቱን አንድዶ ጴጥሮስን አጠገቡ አቆመው። ከዚያም ከቁርሱ በኋላ ሦስቱ ጥያቄዎች ይመጣሉ። የምዕራፉ ልብ ያለው እዚህ ላይ ነው። 153ቱ ዓሣዎች ተቆጥረው ተመዝግበዋል፤ ከዚያ በኋላ ግን ማንም አያነሣቸውም።

ሉቃስ 5 ደግሞ ነገሩን የበለጠ ያጠብቀዋል። በዚያም ሌሊቱ ባዶ ነበር፤ በዚያም መረቡ ሞላ። መረቡ ሊቀደድ ደረሰ፤ ሁለት ታንኳዎች ሊሰጥሙ ተቃረቡ። ጴጥሮስ በዓሣው አልጨፈረም፤ ተንበርክኮ ኃጢአተኛ መሆኑን ተናገረ። በመጨረሻም ታንኳዎቹን ወደ ምድር አቅርበው ሁሉን ትተው ተከተሉት። ሁሉን ሲል ያን ጠዋት የያዙትን ጨምሮ ነው። በሕይወታቸው ያገኙትን ትልቁን ገበያ ዳር ላይ ትተውት ሄዱ። ሙሉ መረብ የታሪኩ መጨረሻ ቢሆን ኖሮ ይህ እብደት ነበር።

አስጋሪዎቹ የሚያውቁት

እ.ኤ.አ. በ1986 በገሊላ ባሕር ዳር፣ ድርቅ ውኃውን ባሸሸበት ወቅት፣ ሁለት ወንድማማቾች ጭቃ ውስጥ የተቀበረ አሮጌ ጀልባ አገኙ። በጌታ ዘመን አካባቢ የተሠራ ነው። ርዝመቱ ከስምንት ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ሊቃውንቱን የገረማቸው እንጨቱ ነው፤ ከአሥር በላይ የዛፍ ዓይነቶች ተገኝተውበታል። ባለቤቶቹ ባረጀ ቁጥር ያገኙትን እንጨት እየለጠፉ ጠግነውታል። ስለ ጴጥሮስ ታንኳ በምንጽፈው ግጥም ውስጥ ይህ ልጥፍ የት አለ? የዚያ ሰው ታንኳ እንደ አባቶቻችን ሞፈርና ቀንበር ሲሰበር የሚታሰር፣ ሲላላ የሚጠበቅ ዕቃ ነበር። በሉቃስ 5 አስጋሪዎቹ ምንም ሳይዙ አድረውም መረባቸውን ሲያጥቡ እናገኛቸዋለን። ባዶ መረብም ይታጠባል። ስለዚህ አንድ ሥራ ብቻ አንድ ሰው ገጽ ሙሉ ሊጽፍ ይችላል።

በገሊላ ከሚጠመዱት ዓሣዎች አንዱ ጎብኚዎች የጴጥሮስ ዓሣ የሚሉት ነው፤ የእኛው ቆሮሶ ዘመድ ነው። እንግዲህ ወደ ራሳችን ሐይቅ እንሂድ። የገሊላ ባሕር 170 ካሬ ኪሎ ሜትር እንኳ አትሞላም፤ ጣና ግን ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል። በጣና ላይ ለዘመናት ያሰገሩት በደንገል ታንኳ የሚንሳፈፉ ሰዎች ናቸው። ደንገሉ ውኃ ስለሚጠጣ የታንኳው ዕድሜ አጭር ነው፤ እንደገና መታሰር አለበት። በዚህ ሙያ የታወቁት ወይጦዎች በአካባቢያቸው ሰዎች ዘንድ ለረጅም ጊዜ ሲናቁ ኖረዋል። በመዝሙር ዓሣ አጥማጁን ጴጥሮስን እያከበርን በአጠገባችን ያለውን ዓሣ አጥማጅ የምንንቅ ከሆነ፣ ምስሉን ከወንጌል ወስደን ሰውየውን ትተነዋል ማለት ነው።

ጀልባው በገሊላ በተገኘበት በዚያው በ1986 (እ.ኤ.አ.) በጣና ላይ ሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ገቡ። ከደገፉት መካከል የሆላንድ ክርስቲያናዊ ድርጅቶች ነበሩ፤ አሳቡም በጎ ነበር። በደንገል ታንኳ ከዳር ብዙ የማይርቀው ማስገር አሁን ሐይቁን ሁሉ አዳረሰ። መረቦች ሞሉ።

እዚህ ላይ የክረምቱን ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። በጣና ውስጥ ቆሮሶና አምባዛ ብቻ አይደሉም ያሉት። ነጭ ዓሣ ከሚባለው ወገን፣ ሊቃውንቱ ባርበስ የሚሏቸው፣ በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኙ 15 ዓይነት ትልልቅ ዓሣዎች ተመዝግበዋል። ከእነዚህ ውስጥ በርከት ያሉት ሐይቁ ውስጥ አይራቡም። ሰኔ ላይ ዝናቡ ጀምሮ ወንዞቹ ሲሞሉ በጉማራ፣ በርብ፣ በመገጭ፣ በግልገል ዓባይ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ። ከዚያም ሽቅብ ወጥተው ጠጠር ባለበት ንጹሕ ውኃ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። ልጆቹ አድገው ወደ ሐይቁ ይመለሳሉ።

አስጋሪ ይህን ያውቃል። በዚያ ሰሞን በወንዝ አፍ ላይ መረብ የዘረጋ ሰው ሌሊቱን ሙሉ መድከም አያስፈልገውም፤ መረቡ ወዲያው ይሞላል። በአንዳንድ ወንዞች ደግሞ የብርብራ ፍሬ ወቅጠው ውኃው ውስጥ በመጨመር ዓሣውን የሚያደነዝዙ አሉ። የተያዘው ዓሣ ግን ሊወልድ የሚወጣው ነው። ተመራማሪዎች በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ እና በአሥር ዓመቱ መጨረሻ ያገኙትን ሲያነጻጽሩ፣ ወደ ወንዝ የሚወጡት ትልልቅ ባርበሶች በሦስት አራተኛ ገደማ ቀንሰው አገኟቸው። በ1995 ዓ.ም. የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 ወጣ። አዋጅ ግን በወረቀት ላይ ያለ ነገር ነው፤ በክረምት ሌሊት ወንዝ አፍ ላይ ቆሞ አይጠብቅም።

አስጋሪውን ለመኮነን አይደለም ይህን የምጽፈው። ልጆቹን የሚያበላ ድኻ ነው። የምጽፈው ስለ ምስሉ ነው። በጽሑፎቻችን ሙሉ መረብ ሁልጊዜ በረከት ነው፤ ባዶ መረብ ሁልጊዜ መከራ ነው። ጣና ግን ሌላ ያስተምረናል። ለነገው ሐይቅ ባዶነት ምክንያት የሆነ ሙሉ መረብ አለ። ዓሣው እንዲወልድ ሲባል ሳይዘረጋ ያደረ፣ በባዶነቱም የታዘዘ መረብ አለ። በዮሐንስ 21 መረቡን የባረከው የዓሣው ብዛት አልነበረም፤ ቃሉን ሰምተው መጣላቸው ነበር። ይህን ያልለየ ጸሐፊ ወንዝ አፍ ላይ የተዘረፈን ዓሣም «በረከት» ብሎ ይዘምርለታል።

የሽማግሌው ሌሊት

አሁን ወደ ሄሚንግዌይ። ስለ ሽማግሌውና ስለ ባሕሩ የጻፈው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1952 ታተመ፤ በ1953 የፑሊትዘርን ሽልማት አገኘ፤ በ1954 ደራሲው የኖቤል ተሸላሚ ሆነ። ሳንቲያጎ የሚባል የኩባ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ነው። ሰማንያ አራት ቀን ሙሉ አንድም ዓሣ አልያዘም። ሲረዳው የነበረውን ማኖሊን የሚባል ልጅ ወላጆቹ ገደ ቢስ ነው ብለው ወደ ሌላ ጀልባ አዛውረውታል። በሰማንያ አምስተኛው ቀን ሽማግሌው ብቻውን ሩቅ ይወጣል፤ ከጀልባው የሚበልጥ ዓሣ ይነክስለታል። ቀንና ሌሊት ይጎትተዋል። በመጨረሻ ይገድለዋል፤ ሲመለስ ግን ሻርኮች ይበሉበታል። ወደብ የሚያደርሰው አጽሙን ብቻ ነው።

የዚህ መጽሐፍ ብርታት ሌሊቱን አለመዝለሉ ነው። አብዛኛው ገጽ ያ ሌሊት ራሱ ነው። ገመዱ መዳፉን ሲቆርጠው፣ ግራ እጁ ሲኮማተር፣ ጥሬ ዓሣ እየበላ ጉልበት ሲያጠራቅም፣ ልጁ አብሮት በነበረ ብሎ ደጋግሞ ሲመኝ እናያለን። ዓሣ አጥማጅ ሆነን የማናውቅ እኛ እንኳ መዳፋችን ያመናል። መጽሐፉን ለመጻፍ ደራሲው ዓሣ ማጥመድን ያውቅ ነበር፤ በኩባ ባሕር ላይ ለዓመታት አጥምዷል። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ፦ ሽማግሌው ሻርኮቹ ዓሣውን ሲበሉት ጥፋቱን በባሕሩ ላይ አይጥልም። ከሚገባው በላይ ርቆ መውጣቱን ራሱ ይናገራል። ዓሣውን እንደ ወንድም እያየ ገድሎታልና ትልቁ ምርኮው አስከፍሎታል። የጣናን ወንዝ አፍ ያየ አንባቢ ይህን ቦታ በሌላ ዓይን ያነበዋል።

አንዳንድ ክርስቲያን አንባቢዎች ሽማግሌውን ቶሎ ክርስቶስ ያደርጉታል። ምልክቶቹ አሉ፤ የቆሰሉ መዳፎች፣ በትከሻው ተሸክሞት ኮረብታ የሚወጣው የጀልባ ምሰሶ። ደራሲው ሆን ብሎ አስቀምጧቸዋል። ምልክት ግን ወንጌል አይደለም። በሳንቲያጎ ቁስል የዳነ ማንም የለም። ጸሎቱም ስእለት ነው፤ ዓሣውን ከያዝኩ ይህን ያህል ጊዜ እጸልያለሁ የሚል ውል ነው። በዚህ እኔ ከሽማግሌው ጋር እለያያለሁ። እናንተም በነጻነት ተለዩ፤ መጽሐፍ መውደድ ሁሉን መቀበል አይደለም። ነገር ግን ከመለየታችን በፊት ራሳችንን እንጠይቅ። ስንት ምስክርነታችን ከዚህ ውል የተሻለ ነው? «ጾምኩ፤ ስለዚህ ሞላልኝ» የሚለውስ ስእለት አይደለም?

ለእኔ የመጽሐፉ ምርጥ ቦታ ከባሕሩ ውጭ ነው። ጠዋት ልጁ ማኖሊን መጥቶ የሽማግሌውን እጆች ያያል፤ ያለቅሳል። ከዚያ ሄዶ ትኩስ ቡና ያመጣለታል። ዓሣው የለም፤ ቡናው ግን አለ። ከእንግዲህ አብረን እናጠምዳለን ይለዋል። ሄሚንግዌይ አማኝ ሆኖ ባይጽፈውም፣ ዮሐንስ ያወቀውን አንድ ነገር አውቋል፤ የዓሣ ማጥመድ ታሪክ የሚያልቀው በውኃው ላይ አይደለም። የሚያልቀው ዳር ላይ፣ ደክሞ የመጣውን ሰው የሚጠብቅ ካለበት ነው። ልዩነቱ ማኖሊን ቡና ማምጣት ይችላል፤ ጴጥሮስን የጠበቀው ግን ይቅርም ማለት ይችላል።

ወደ ማማው ስንመለስ

አሁን ያን የሁለት ገጽ ተኩል ታሪክ አስቡት። ልጁ ወሩን ሙሉ ጠበቀ። ግሪሳው ወሰደበት። ባዶ እጁን መጣ። እናቱ እሳት አንድዳ፣ የሚበላ ነገር እሳቱ ላይ አድርጋ ጠበቀችው። ሳትወቅሰው አስጠጋችው።

መጨረሻው ይጎድለዋል ያልኩት ይህንን ነው! ያ ልጅ ከዮሐንስ 21 ዋናውን ነገር፣ ፍሙንና ማዕዱን፣ ማንም ሳይነግረው በይፋት ቆላ ቤት ውስጥ አስቀምጦት ነበር። እኔ የፈለግሁት ዓሣ ነበር፤ እሱ ዳሩን ጽፎልኝ ነበር። ምዕራፉን እንዲያነብ የላክሁት እኔ፣ ምዕራፉን በእጄ ላይ ሲያስቀምጥልኝ አላወቅሁትም።

ወዳጆቼ፣ ምስክርነት አትጻፉ እያልኳችሁ አይደለም። መረቡ የሞላለት ይመስክር፤ ዮሐንስም 153 ብሎ ቆጥሮ ጽፏል። ነገር ግን ሦስት ነገር እለምናችኋለሁ። መጀመሪያ፣ ሌሊቱን አትዝለሉት። ጌታ ራሱ «አላችሁ ወይ?» ብሎ የጠየቀውን እናንተ አትሸፍኑት። የጠፋውን ውጤት፣ ዋጋው ወድቆ ማሳ ላይ የበሰበሰውን ሽንኩርት፣ ዝናብ የቀረበትን ማሾ በስሙ ጥሩት። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል ያየ፣ ቤቱን ጥሎ የሸሸ ወጣት በመካከላችን አለ፤ ለእሱ ሌሊቱ አንድ መስመር አይደለም። ሁለተኛ፣ የምታውቁትን ሥራ ጻፉ። መረብ ካላወቃችሁ ወንጭፍ ታውቃላችሁ። ስለ መረብ መጻፍ ከፈለጋችሁ ደግሞ መረብ የሚጥለውን ሰው ጠይቁት፤ እጁን እዩ። ሦስተኛ፣ ዓሣው ሲያዝ አታቁሙ። ዳር ድረስ ሂዱ። እሳቱን ማን አነደደው? አጠገቡ የቆመው ማን ነው? ስም ያልተሰጣቸው ሁለቱ የት ተቀመጡ?

መረቡ ገና ያልሞላለት ደግሞ እንዲህ ልበለው፦ ታሪክህ ጎዶሎ አይደለም። ያለ መጨረሻ አምጣው። እኛ መጨረሻ አንለጥፍበትም።

ይህን መጽሔት የሚያነብ ከሆነ፣ ያን ወጣትም በዚሁ እጠራዋለሁ። ወረቀቱ ካለህ እንደ ነበረው አምጣው፤ ቃል ሳይጨመርበት እናትመዋለን። ከጠፋም ግድ የለም፤ ና፣ አብረን እንቀመጥ።

በኅብረታችሁ ለመወያየት

1. ዮሐንስ 21ን ከፍ ባለ ድምፅ አንብቡ። ከ6ኛው ቁጥር በኋላ የሚሆኑትን ነገሮች በቅደም ተከተል ዘርዝሩ። ከእነዚህ መካከል በስብከትና በመዝሙር የማትሰሙት የትኛውን ነው?

2. በሉቃስ 5 ደቀ መዛሙርቱ የያዙትን ዓሣ ትተው ሄዱ። በሕይወታችሁ «ሙሉ መረብ» ሆኖ ሳለ መተው ያለበት ነገር ገጥሟችሁ ያውቃል?

3. እያንዳንዳችሁ ያልተሳካላችሁን አንድ ሥራ በአንድ ገጽ ጻፉ፤ መጨረሻውን አታስተካክሉት። ከዚያ አንዱ ለሌላው ያንብብ። የሚሰማው ሰው ምክር አይስጥ፤ አንብቦ ለጨረሰው ሻይ ይቅዳለት።